መፍቻውን ለባለቤቱ፤ ስለ ማኅበር ብስክሌት ሥራ ቤቶች ታሪክ

ብስክሌቱ የተበላሸበት ሰው ወደ ጠጋኝ ዘንድ ሲሄድ ዕቃውን አስረክቦ፣ በዋጋ ተስማምቶ፣ በተቀጠረበት ሰዓት ተመልሶ ይረከባል፤ በመካከሉ የተደረገውን አያውቅም፤ እንዲያውቅም የሚጠብቅበት የለም። ዛሬ ታሪኩን ልተርክ ወደ ተነሣሁበት ቤት የገባ እንደ ሆነ ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው። ብስክሌቱን ከእጁ የሚቀበለው ሰው አያገኝም፤ ይልቁንም ራሱ በመስቀያው ላይ እንዲሰቅለው ይነገረዋል፤ ከግድግዳው መፍቻ ወርዶ በእጁ ይሰጠዋል፤ ሙያውን የሚያውቀውም ሰው ከአጠገቡ ቆሞ በቃልና በጣት ያመለክተዋል እንጂ፣ ብሎኑ አልፈታ ቢል እንኳ፣ ተቻኵሎ መፍቻውን ነጥቆ አይሠራለትም። በቤቱ ውስጥ ትርፍ የሚካፈል ባለ አክሲዮን የለም፤ ከሚሠሩትም የሚበዙት ደመወዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የሚገባው ገንዘብ ለቤት ኪራይ፣ ለመሣሪያና ለመለዋወጫ ይውላል።

እንዲህ ያለው ቤት በየአገሩ ስሙ ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዱ የብስክሌት ኅብረት ሥራ ይለዋል፤ አንዳንዱ የራስ አገዝ ሥራ ቤት ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ፣ ወደ ፊት እንደምገልጸው፣ የብስክሌት ማእድ ቤት ብሎታል። በቋንቋችን የጸና ስም እስኪወጣለት ድረስ እኔ የማኅበር ሥራ ቤት እለዋለሁ፤ ምክንያቱም ማኅበር የሚለው ቃል ለእኛ ሰዎች በተራ እየደገሱ፣ በጋራ እየተሸከሙ፣ አንዱ የሌላውን ጕድለት እየሞላ የሚኖሩበትን ሥርዓት ስለሚያሳስበን፣ ከዚህ ቤት ጠባይ ጋር የሚስማማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የማነሣቸው ዓመታት፣ አንድ ቦታ ለይቼ ከማመለክተው በቀር፣ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

የዚህ ተቋም ታሪክ ከመሣሪያው ጠባይ ተለይቶ ሊነገር አይችልም። በ1817 ካርል ድራይስ የተባለው ጀርመናዊ በማንሃይም ከተማ ሁለት ጎማ ያለውንና በእግር መሬት እየተገፋ የሚሄደውን የእንጨት መሣሪያ ካሳየ በኋላ ሰባ ዓመት ያህል ብዙ ዐይነት ቅርጽ ተሞከረ፤ በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ያወጣው፣ ሁለቱ ጎማዎች በመጠን የተቀራረቡበትና የኋላው በካቴና የሚዞርበት ብስክሌት በወጣ ጊዜ ግን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ለልጁ ባለ ሦስት ጎማ መጫወቻ ብሎ በቤልፋስት አየር የሚሞላውን ጎማ በሠራ ጊዜ፣ ቅርጹ ረጋ፤ ዛሬም ቢሆን በመንገድ ላይ የምናየው ብስክሌት የዚያው ልጅ ነው። መኪና ምስጢሩን በብረት ክዳን ሸፍኖ ይይዛል፤ ብስክሌት ግን ከካቴናው እስከ ፍሬኑ ድረስ ሁለመናው ለዐይን የተገለጠ ስለ ሆነ፣ አንዱ ብረት ሌላውን እንዴት እንደሚስብ ሕፃን እንኳ በጣቱ እየተከተለ ሊያየው ይችላል። ደግሞም ቅርጹ ለረጅም ዘመን ስላልተለወጠ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከተሠራው የተፈታ ብዙ ክፍል ለሌላው ይገጥማል። እነዚህ ሁለት ነገሮች ባይኖሩ ኖሮ፣ ማለትም መሣሪያው ግልጥ ባይሆንና ክፍሎቹ ባይወራረሱ ኖሮ፣ የማኅበር ሥራ ቤት የሚባል ነገር አይታሰብም ነበር።

ነገር ግን ሐሳቡ የተጀመረው ከሥራ ቤት ሳይሆን ከስጦታ ነው፤ የታሪኩም ዋና ትምህርት ያለው ከስጦታው ወደ ሥራ ቤቱ በተደረገው ጕዞ ነው። በ1965 በአምስተርዳም ከተማ ፕሮቮ የተባሉ ወጣቶች፣ የመኪና ብዛት ከተማቸውን ሊያፍናት መቃረቡን አይተው፣ ሉድ ስኺመልፔኒንክ የተባለው ጓደኛቸው ያረቀቀውን የነጭ ብስክሌት ዕቅድ ለሕዝብ አቀረቡ። ዕቅዱ ማዘጋጃ ቤቱ በየዓመቱ 20,000 ብስክሌት እየገዛ ነጭ ቀለም ቀብቶ ያለ ቍልፍ በመንገድ ላይ እንዲያኖር፣ የፈለገም ሰው ተቀምጦ ሄዶ ከደረሰበት እንዲተወው የሚል ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ነገሩን አልተቀበለውም፤ ወጣቶቹ በገዛ እጃቸው ነጭ ቀብተው ያቆሟቸውን ጥቂት ብስክሌቶችም ፖሊስ ሰበሰባቸው፤ በከተማው ሕግ ብስክሌትን ሳይቈልፉ መተው ክልክል ነበርና። ከዚህ በኋላ ወጣቶቹ በቍጥር የሚከፈት ቍልፍ አድርገው ቍጥሩን በብስክሌቱ ላይ ጻፉት። ዕቅዱ በተግባር ባይጸናም ሐሳቡ ግን ባሕር ተሻግሮ ብዙ ጊዜ ከቈየ በኋላ ሌላ ቦታ በቅሎ እናገኘዋለን።

እስከዚያው ድረስ ሁለት ነገሮች መሬቱን አለሰለሱ። አንደኛው የገበያ ነገር ነው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የብስክሌት ፍላጎት ከምን ጊዜውም በላይ ወጥቶ፣ በ1973 ብቻ ከ15 ሚሊዮን በላይ ብስክሌት ተሸጠ፤ በዚያው ዓመት የነዳጅ ችግር ደረሰ። ያ ሁሉ ብስክሌት ጥቂት ጊዜ ከተነዳ በኋላ የሚበዛው ወደ ምድር ቤትና ወደ መኪና ማደሪያ ገብቶ አቧራ ጠጣ፤ ከዐሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ የማኅበር ሥራ ቤቶች ሲከፈቱ ለሥራ የሚሆን ቁስ ያላጡት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ሁለተኛው የመጽሐፍ ነገር ነው፤ በ1926 በቪየና የተወለደውና በካህንነት ያገለገለው ኢቫን ኢሊች በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ፣ መሣሪያ ሰውን የሚያገለግለው ሰው ሊገዛውና ሊያውቀው በሚችልበት መጠን ሲሆን ነው፣ ከዚያ መጠን ካለፈ ግን ሰው ለመሣሪያው ባሪያ ይሆናል ሲል አስተማረ፤ በሌላውም ድርሰቱ አሜሪካዊው ለመኪናው ሲል የሚሠራበትን ሰዓት ሁሉ ደምሮ ቢያሰላው ፍጥነቱ ከእግረኛ ብዙም እንደማይበልጥ አሳየ። የኢሊችን ነገር ሁሉ አልቀበልም፤ በሽተኛ ወደ ሐኪም የሚያደርሰውን መኪና ማንም አእምሮ ያለው ሰው አያቃልልምና፤ ነገር ግን ብስክሌትን ለነጻነት ምሳሌ አድርጎ መምረጡ ብዙ ወጣቶችን ከመጽሐፍ ወደ መፍቻ እንዳደረሳቸው እሙን ነው።

በኢሊች የትውልድ ከተማ በቪየና፣ በ19ኛው ምእት ዓመት የባቡር ሞተር ይሠራበት የነበረው ሰፊ የጡብ ሕንፃ ባዶውን ቀርቶ ሊፈርስ ሲል፣ ነዋሪዎችና የጥበብ ሰዎች ተነሥተው በ1981 የሕዝብ የባህልና የሥራ ቤት አደረጉት፤ ስሙም በአጭሩ ቩክ ይባላል። በዚያ ግቢ ውስጥ በ1983 የተከፈተው የራስ አገዝ የብስክሌት ሥራ ቤት በዐይነቱ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። የባቡር ሞተር የተሠራበት ቤት በመጨረሻ የእግር መርገጫ መጠገኛ መሆኑ ውርደት አይምሰለን፤ የቀድሞው ሠራተኛ ለማይነዳው ባቡር ይደክም ነበር፤ የአሁኑ ግን ነገ ጧት ተቀምጦ ለሚሄድበት መሣሪያ ይደክማል።

ከዚህ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ በአሜሪካ የተመሠረተው ማኅበር ስሙ ራሱ ስብከት ነበር፤ «ብስክሌት እንጂ ቦምብ አይሁን» የሚል ነው። መሥራቾቹ ካርል ከርዝ የተባለ የብስክሌት መካኒክና ማይክል ሬፕሎግል የተባለ የመጓጓዣ ዐዋቂ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት በኒካራጓ ላይ የሚዋጉትን ኮንትራ የተባሉ ሸማቂዎች ይረዳ ነበር፤ በ1985ም በአገሪቱ ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለ። እነዚህ ሰዎች፣ በግብር ከፋይነታችን ለጦርነቱ ገንዘብ የምንሰጥ ከሆነ፣ በእጃችን ደግሞ የሰላም ነገር እንላክ ብለው፣ በየሰፈሩ የተጣለውን ብስክሌት እየሰበሰቡ ለኒካራጓ መምህራን፣ ለጤና ሠራተኞችና ለገበሬዎች ይልኩ ጀመር፤ በሺህ የሚቈጠር ብስክሌትም ተላከ። ዕቃውን በመርከብ ከጫኑ በኋላ ግን እጃቸውን አልሰበሰቡም፤ በዚያው በኒካራጓ መጠገኛና ማስተማሪያ እንዲቋቋም ደከሙ፤ መካኒክ የሌለው ብስክሌት ዕድሜው ከመጀመሪያው እሾህ እንደማያልፍ ያውቁ ነበርና።

ወደ ባሕር ማዶ የሚያየው ዐይን ወደ ጎረቤት የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ማኅበሩ በቦስተን ጃሜካ ፕሌን በሚባለው ሰፈርና በአካባቢው ሲጸና፣ ብስክሌት ለመግዛት ዐቅም የሌላቸው፣ ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሚውሉበት ያልነበራቸው የሠራተኛ ልጆች በየደጁ ነበሩ። ስለዚህ በ1990ዎቹ መጀመሪያ «ብስክሌትህን በሥራህ አግኝ» የሚል መንፈስ ያለው ትምህርት ተጀመረ። ልጁ ከተሰበሰቡት አሮጌ ብስክሌቶች አንዱን ይመርጣል፤ በሳምንታት ውስጥ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ኩሽኔታውን ቀብቶ፣ ቸርኬውን አቃንቶ፣ የፍሬኑን ሽቦ ለውጦ ይገጥመዋል፤ በመንገድ ላይ እንዴት በጥንቃቄ እንደሚነዳም ይማራል፤ በመጨረሻ ብስክሌቱ የራሱ ይሆናል። ሥራውን የወደደው ልጅ ተመልሶ ረዳት ይሆናል፤ ረዳቱም አስተማሪ ሆኖ ደመወዝ ይቀበላል። ለሴቶች ልጆች ብቻ የተለየ ክፍልም ኋላ ተከፈተ። የማኅበሩ ማእከል ለብዙ ጊዜ የኖረው ቀድሞ የቢራ ጠመቃ ፋብሪካ በነበረ ግቢ ውስጥ ነው፤ የከተማ አሮጌ ፋብሪካዎች የእነዚህ ቤቶች መጠለያ የሆኑት በአጋጣሚ ብቻ አይደለም፤ ኪራዩ ርካሽ፣ ወለሉ ዘይት የማይፈራ፣ በሩም ሰፊ ነበርና።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ የባለቤትነት ትርጓሜው ነው። ለድኻ ልጅ ብስክሌት መስጠት ምጽዋት ነው፤ ምጽዋትም በሁሉ ዘንድ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ምጽዋት ሰጪውን ሰጪ፣ ተቀባዩን ተቀባይ አድርጎ ይተዋቸዋል። ልጁ ግን ከሰበሰበው ብረት በገዛ እጁ ያስነሣት ብስክሌት፣ በሕግ ከመዝገብ ከመግባቷ በፊት በዕውቀት የእርሱ ሆናለች፤ ብትሰበር ያድሳታል፤ ጎማዋ ቢተነፍስ በመንገድ ዳር ተቀምጦ ይለጥፋታል፤ የጓደኛውንም ይሠራለታል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስል፣ የአምስተርዳም ሐሳብ ባሕር ተሻግሮ የደረሰበትን ላውጋችሁ። በ1994 በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ጥቂት ሰዎች አሮጌ ብስክሌቶችን ብጫ ቀለም ቀብተው፣ ማንም እንዲነዳቸው ያለ ቍልፍ በመንገድ ላይ ለቀቋቸው። ዜናው በአገሩ ሁሉ ተሰማ፤ ብዙ ከተሞችም ተከተሉ። ነገር ግን ብስክሌቶቹ አንዳንዶቹ ተሰረቁ፤ አንዳንዶቹ ወደ ወንዝ ተጣሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የሚጠግናቸው አጥተው በየጥጉ ተሰብረው ቀሩ፤ የሁሉ የሆነች ብስክሌት የማንም ሳትሆን ቀረች። በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ በአልበርታ መንገድ የተከፈተው የማኅበር ብስክሌት ማእከል ግን ለልጆች ጥገናን እያስተማረ ኖረ። ብጫዎቹ ከመንገድ ሲጠፉ እርሱ ሥር ሰደደ።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የታየው በቴክሳስ በኦስቲን ነው። የዚያው ከተማ የብጫ ብስክሌት ማኅበር በ1997 ሲቋቋም ዓላማው የፖርትላንድን ፈለግ መከተል፣ ማለትም ብጫ ብስክሌቶችን ለሕዝብ መልቀቅ ነበር። ብስክሌቶቹን ለመልቀቅ መጠገን ያስፈልግ ነበርና፣ ለመጠገን ደግሞ ሥራ ቤት ተከፈተ፤ በሥራ ቤቱም ሰዎች ይመጡ፣ ይማሩ፣ የራሳቸውን ይሠሩ ጀመር። ከዓመታት በኋላ ማኅበሩ ሒሳቡን ሲያየው፣ ወደ መንገድ የለቀቀው ሁሉ ሲጠፋ በቤት ውስጥ የቀረው ዕውቀት ግን ሲበዛ አገኘው፤ ስለዚህ መልቀቁን ትቶ ኀይሉን በሙሉ ወደ ሥራ ቤቱ መለሰ። ስሙ ግን ሳይለወጥ ብጫ ብስክሌት እንደ ተባለ ቀረ፤ አንድ ተቋም ለመንገዱ ብሎ ያቆመው ድንኳን ራሱ መድረሻው መሆኑን አውቆ፣ ሳያፍር አቅጣጫውን ማስተካከሉ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከጅምሩ ትክክል ከመሆን የበለጠ ክብር የሚገባው ነው።

ብጫዎቹ በፖርትላንድ በተለቀቁበት በ1994 በፈረንሳይ በግሬኖብል ከተማም እንዲሁ ያለ ሥራ ቤት ተከፍቷል፤ ከዚያ ወዲህ በፈረንሳይ ብዙ ስለ ሆኑ በ2010 በአንድ ኅብረት ተሰብስበዋል። በ2002 ደግሞ በሎስ አንጀለስ፣ በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ሥራ ፈትቶ በነበረ ማእድ ቤት ጥቂት ጎረቤቶች ብስክሌታቸውን ይጠግኑ ጀመር፤ ምጣድ በነበረበት ካቴና፣ ድስት በነበረበት የዘይት ቆርቆሮ ተቀመጠ፤ ስሙም የብስክሌት ማእድ ቤት ተባለ። ቤቱ ቢጠባቸውና ወደ ሰፊ ቦታ ቢዛወሩ እንኳ ስሙን አልጣሉትም፤ ከዚያም ወደ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ወደ ቪየና፣ ወደ ስዊድን ከተሞች ተሻገረ። ስሙ የተወደደበት ምክንያት ለእኛ ግልጥ ነው፤ ማእድ ቤት እንግዳና ቤተ ሰብ የማይለይበት፣ ያወቀ ላላወቀ የሚያሳይበት፣ ሥራና ወግ በአንድ ጭስ የሚሞቁበት ስፍራ ነውና። በ2004 የየከተማው ሥራ ቤቶች ሰዎች በኒው ኦርሊንስ ተሰብስበው የመጀመሪያውን ጉባኤያቸውን አደረጉ፤ ጉባኤው ከዚያ ወዲህ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዛወረ ሲደረግ ቈይቷል። ሁሉን የሚያዝዝ የበላይ ጽሕፈት ቤት ግን የላቸውም፤ እያንዳንዱ ቤት በራሱ ሕገ ማኅበር ይተዳደራል።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ቁሱ የሚመጣው ከየቤቱ ከሚለገሰው፣ ፖሊስ ሰብስቦ ባለቤት ካጣለት፣ ተማሪዎችም በዓመቱ መጨረሻ ትተውት ከሚሄዱት ነው። ይህ ሁሉ ሲገባ በሦስት ይከፈላል፤ የሚድነው ለጥገና፣ የማይድነው ለመለዋወጫ፣ ከሁለቱም ያልሆነው ለብረት ገዢ። የመለየቱ ሥራ ልብ ይጠይቃል፤ ርካሽ ተብሎ የተሠራ፣ ብረቱ የሚታጠፍ፣ ብሎኑ የሚላጥ ብስክሌት ብዙ ነውና፣ የጥገናው ድካም ከአገልግሎቱ ይበልጣል። የዳነው አንዳንዱ ይሸጥና ለቤቱ ኪራይ ይሆናል፤ አንዳንዱ ለልጆች ትምህርት ይውላል፤ አንዳንዱ በቤቱ ውስጥ የተወሰነ ሰዓት ላገለገለ ሰው ይሰጣል።

ጀማሪ ሁሉ የሚፈተንበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም ግራው ፔዳል ነው። ብሎን ሁሉ ወደ ግራ ሲዞር እንደሚፈታ የተማረ ሰው፣ ግራውን ፔዳል ወደ ግራ ባዞረው ቍጥር ይበልጥ ያጠብቀዋል፤ ጥርሱ በተቃራኒ የተቀረጸ ነውና፤ እንዲህ የተደረገውም በሚረገጥበት ጊዜ ራሱን እንዳይፈታ ነው። ጥሩ አስተማሪ ይህን አስቀድሞ አይናገርም፤ ጥቂት ያልበው ዘንድ ይተወውና ቀኙንና ግራውን አስተያይ ይለዋል። ሁለተኛው ትምህርት የጎማ ነው፤ የውስጡ ጎማ ተነፍቶ በውሃ ሳህን ውስጥ ሲነከር ከቀዳዳው ዐረፋ ይወጣል፤ ዙሪያው ይፋቅና ማስቲሽ ይቀባል፤ እዚህ ላይ ትዕግሥት ያጣ ሰው ሥራው ይበላሽበታል፤ ማስቲሹ ሳይደርቅ የተለጠፈ አይይዝምና። ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚያምረው፣ ቸርኬ ማቃናት ነው። ቸርኬውን ከመሀሉ ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች ብዙ ጊዜ 32 ወይም 36 ናቸው፤ ቸርኬው ወደ ቀኝ ቢያጋድል የግራዎቹ ጥቂት ይጠብቃሉ፤ የቀኞቹ ጥቂት ይላላሉ፤ ይህም በሩብ ዙር ነው እንጂ በኀይል አይደለም። አንዱን ብቻ እጅግ የጎተተ ሰው አንዱን ጕብጠት በሁለት ለውጦ ያገኘዋል።

ከዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን ጥቂት ልጨምር። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ካቴና፣ ቸርኬ፣ ጎማ፣ ፍሬን እያልን በየጋራዡ የምንናገረው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። እነዚህን ቃላት ከመዝገበ ቃላት ይልቅ በቅባት የተነከሩ እጆች ጠብቀው ለትውልድ አስተላልፈዋቸዋል፤ ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው በባሕር ማዶ ከነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ ቢገባ ብዙውን ዕቃ የሚጠራበት ስም አያጣም።

ለሰፈሩ ያመጡትን ጥቅም በቍጥር ልመዝነው አልሞክርም። የሚታየው ግን ብዙ ነው። የአውቶቡስ ገንዘብ የሌለው የሌሊት ሠራተኛ ከሥራው ይደርሳል፤ ከትምህርት በኋላ መንገድ ላይ ይውል የነበረ ልጅ የሚጠብቀው ሰው ያገኛል፤ ቋንቋውን ገና ያላወቀ ስደተኛ በምልክት ሥራ እየተማረ ከጎረቤቱ ጋር ይተዋወቃል። ሴቶች ብቻ የሚሠሩበት ምሽት በብዙ ቤቶች መደረጉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በተራው ቀን መፍቻ የያዘች ሴት አጠገብ አንድ ወንድ ሳይጠራ መጥቶ ልሥራልሽ ማለቱ አይቀርምና፣ ይህም ደግነት መስሎ የቤቱን ሕግ ያፈርሳል። ለሴቶች የምርጫ መብት የታገለችው ሱዛን አንተኒ በ1896 ብስክሌት ሴቶችን ነጻ በማውጣት ረገድ ከምንም ነገር የበለጠ ሠርቷል ብላ ነበር፤ ብስክሌቱ ሲበላሽ የምትጠግነው ራሷ ስትሆን ያ ነጻነት ይሞላል ብዬ አምናለሁ።

ጕድለታቸውንም መሸሸግ አይገባም። ደመወዝ የሌለው አገልጋይ ይደክማል፤ የዛሬው ትጉህ ነገ ይዛወራል፤ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። በርካሽ የተከራየው የድኻ ሰፈር ሲያምርና ሲወደድ፣ ለሰፈሩ ማማር ድርሻ የነበረው ሥራ ቤት ኪራይ መክፈል ተስኖት የሚባረርበት ጊዜ አለ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ በድኾች ስም የተከፈተው ቤት ትርፍ ጊዜ ባላቸው፣ እርስ በርሳቸው በሚተዋወቁ ወጣቶች ተሞልቶ፣ ለድኻው የሰፈር ሰው ደጁ የሚከብድበት ጊዜ መኖሩ ነው። በጎ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች ይህን በግልጥ ተወያይተውበታል፤ ከሰፈሩ ልጆች መካከል አስተማሪ ማፍራት የተጀመረው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ውይይት በኋላ ነው።

ብስክሌት ወደ ሩቅ አገር የሚልኩትም የራሳቸውን ትምህርት ተምረዋል። በ1991 በኒው ጀርሲ የተመሠረተው «ፔዳልስ ፎር ፕሮግረስ» የተባለው ማኅበር መሥራች ዴቪድ ሽቫይደንባክ በኢኳዶር የሰላም ጓድ ሆኖ ሲያገለግል፣ ብስክሌት ያለው አናጢ ከሌላው ይልቅ ብዙ ሥራ እንደሚያገኝ አይቶ ነበር፤ ነገር ግን ማኅበሩ ብስክሌቶቹን እንዲያው አያድልም፤ የአገሩ ተባባሪዎች በአነስተኛ ዋጋ ሸጠው በገንዘቡ መጠገኛ እንዲያቋቁሙና የሚቀጥለውን ጭነት እንዲችሉ ያደርጋል። በነጻ የተበተነ ብስክሌት የአገሩን ነጋዴና መካኒክ እንጀራ ሊያሳጣ ይችላልና፣ ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነው።

ለኢትዮጵያ ይህ ታሪክ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ከቦስተኑ ማኅበር መሥራቾች አንዱ የሆነው ሬፕሎግል በ1985 ያቋቋመው የመጓጓዣና የልማት ፖሊሲ ተቋም፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ የኢትዮጵያ የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2020 ላወጣው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ከተባበሩት ድርጅቶች አንዱ ነው። በባሕር ዳር ብስክሌት የከተማው መልክ ሆኖ ኖሯል፤ በብዙ ከተሞቻችንም ልጆች ብስክሌትን በሰዓት እየተከራዩ ተምረውበታል፤ የሚጠግነው የሰፈር ባለሙያ ግን ለሙያው የሚገባውን ክብር ሁልጊዜ አላገኘም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ባለ እጅን በሙያው መስደብ እንዲቀር ያወጁት፣ እጀ ጥበበኛው ቀጥቃጭ፣ ፋቂ እየተባለ ሲናቅ አይተው ነው። ዐዋጁ ምላስን ከለከለ፤ እጅን ማክበር ግን በትምህርት የሚመጣ ነገር ነው፤ የዘመኑ ተማሪያችንም ቢሆን የምድርን ዙሪያ በቍጥር እያወቀ የገዛ ብስክሌቱን ቸርኬ ማቃናት አለመቻሉ እኔን በብርቱ ያሳስበኛል። የማኅበር ሥራ ቤት በአገራችን ቢከፈት ደቦን ለሚያውቅ ሕዝብ ሥርዓቱን ማስረዳት አያስቸግርም፤ በደቦ ባለ ማሳው ራሱ ማጭድ ይዞ ከፊት ይሰለፋል እንጂ ከጥላ ሥር ሆኖ ሰው አይልክምና።

በእነዚህ ቤቶች ግድግዳ ላይ መሣሪያ የሚሰቀልበት ሰፊ ሰሌዳ አለ፤ በእያንዳንዱ መስቀያ ሥር የመሣሪያው ቅርጽ በቀለም ተስሏል፤ የካቻቢቴው በካቻቢቴ፣ የፒንሳው በፒንሳ መልክ። ማታ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ወለሉ ይጠረጋል፤ ብስክሌቶቹ ይገባሉ፤ ተረኛው በሰሌዳው ፊት ቆሞ ባዶ የቀረ ቅርጽ እንዳለ ይመለከታል። ባዶው የ15 ሚሊሜትር የፔዳል መፍቻ ቦታ ሲሆን፣ ከጥጉ አንዲት ልጅ ገና ግራውን ፔዳል እየታገለች ትገኛለች፤ ተረኛውም መብራቱን ሳያጠፋ ወንበር ስቦ ይቀመጥና ይጠብቃታል።